ከአዳራሽ ወደ ፓርላማ፦ ኢግናጺ ያን ፓዴሬቭስኪ



የፓዴሬቭስኪ ስም በተነሳ ቁጥር የማይቀር አንድ ቀልድ አለ። በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ከፖላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ሲጨባበጥ፣ ሰውየው ያ ዝነኛው ፒያኖ ተጫዋች መሆኑን ባረጋገጠ ጊዜ፣ ከዚያ ማማ ላይ ወደ ፖለቲካ መውረዱ እንዳሳዘነው ተናገረ ይባላል። ቀልዱ በየመጽሐፉ በተለያየ መልክ ይገኛል። እኔ ብዙም አልወደውም። ሰውየው ሁለት የማይገናኙ ሕይወቶች የነበሩት፣ አንዱን ዘግቶ ወደ ሌላው የገባ ያስመስለዋል። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ኢግናጺ ያን ፓዴሬቭስኪ ፖለቲካውንም የሠራው በኮንሰርት አዳራሽ ባካበተው ችሎታ ነው። ያ ችሎታ አገሩን ወደ ካርታ ለመመለስ ረድቶታል፤ አገሪቱን ለማስተዳደር ግን አልበቃውም። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ፓዴሬቭስኪ በኖቬምበር 1860 ፖዶሊያ በሚባለው አውራጃ፣ ኩሪውፍካ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ቦታው ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ሥር ነበር። ቤተሰቡ ፖላንዳዊ ነው፤ ፖላንድ የምትባል አገር ግን አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ቆራርሰው ተካፍለዋት ከካርታ ጠፍታለች። እሱ ሲወለድ ይህ ከሆነ 65 ዓመት አልፎታል። ነፃ ፖላንድን በዓይኑ ያየ ሰው በዙሪያው ቢኖር አንድ ሁለት ሽማግሌ ነው።

አባቱ የባለርስቶች መሬት አስተዳዳሪ ነበር። እናቱ እሱን ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። በ1863 ፖላንዳውያን በዛሩ ላይ ሲነሡ ኮሳኮች መጥተው ቤቱን ከበቡ፤ አባቱን ከአመፀኞቹ ጋር ተባብረሃል ብለው ያዙት። ፓዴሬቭስኪ በስተርጅና ባስጻፈው ትዝታው ላይ እንደሚተርከው፣ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከፈረሰኞቹ ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ አባቴን ምን ልታደርጉት ነው ሲል ጠየቀ፤ መልሱ ሳቅና ጅራፍ ሆነ። አባቱ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ እስኪፈታ ልጁንና እህቱን አክስታቸው አሳደገቻቸው። ያን ጅራፍ የፖለቲካ ሕይወቱ መነሻ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እሱም ሲያስጻፈው ይህን ሳያስብ አልቀረም፤ መድረክ የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በ12 ዓመቱ ዋርሶ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። እዚያ ታላቅ ፒያኒስት ይወጣዋል ያለ አልነበረም፤ እንዲያውም በተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ውስጥ ትሮምቦን ሲያስነፉት ነው የምናገኘው። በኦርኬስትራው ጉዳይ ተጣልቶ ተባረረ፣ ተመለሰ፣ በ1878 ተመረቀ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። በ1880 አንቶኒና የምትባል የኮንሰርቫቶሪ ተማሪ አገባ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወልዳለት በወሊዱ ሳቢያ ሞተች። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሚስቱን የቀበረና ጨቅላ የታቀፈ ሰው ሆነ። ልጁ አልፍሬድ ዕድሜውን ሁሉ ሕመም አልተለየውም፤ በ1901 በሃያ ዓመቱ ሞተ።

ፓዴሬቭስኪ ወደ በርሊን ሄዶ የሙዚቃ ድርሰት ተማረ። ያን ጊዜ ምኞቱ አቀናባሪ መሆን ነበር፤ ፒያኖ የሚያስተምረው ለእንጀራው ነው። መንገዱን ያስቀየረችው አንዲት ተዋናይት ናት። ሄሌና ሞድዤየፍስካ በፖላንድም በአሜሪካም በሼክስፒር ቲያትሮች የታወቀች ትልቅ ሰው ነበረች። በ1884 ዛኮፓኔ በሚባለው ተራራማ አገር አገኘችው፤ ሲጫወት ሰማችው። ክራኮቭ ላይ ኮንሰርት አዘጋጀችለትና ራሷ መድረኩ ላይ ወጥታ አነበበች። ሕዝቡ የመጣው እሷን ለማየት ነው፤ ገንዘቡ ግን እሱን ቪየና አደረሰው። በአንድ ታዋቂ ሰው ስም ሕዝብ ሰብስቦ ለሌላ ዓላማ ገንዘብ ማውጣትን ፓዴሬቭስኪ ያየው እዚህ ላይ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለአንድ ሙሉ አገር ያደርገዋል።

ቪየና ውስጥ የዘመኑ ስመ ጥር የፒያኖ መምህር ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ነበር። ፓዴሬቭስኪ ደጁን ሲመታ ዕድሜው 24 ነው። ለኮንሰርት ፒያኒስት ይህ እጅግ የረፈደ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌሎቹ አሥር ዓመት አውሮፓን ዞረዋል። መምህሩም ጊዜው እንዳለፈበት ነገረው። ከዚያ እንደ ጀማሪ ልጅ የጣት ልምምድ ላይ አስቀመጠው። ቀኑን ሙሉ፣ ለወራት፣ ለጣት ማፍታቻ የተጻፉ ልምምዶችን ደጋገመ። የፓዴሬቭስኪን ዝና በፀጉሩና በግርማው ብቻ የሚያስረዱ ጸሐፊዎች ይህን ወቅት ቶሎ ያልፉታል።

በማርች 1888 ፓሪስ በኤራር አዳራሽ ተጫወተ። ከታዳሚዎቹ መካከል ቻይኮቭስኪ ነበረ፤ ስመ ጥሮቹ የኦርኬስትራ መሪዎች ኮሎንና ላሙሩም ነበሩ። ድግሱ ሠመረ፤ ሌላ ኮንሰርት ይደገም ተባለ። ችግሩ ሌላ ያጠናው ዝግጅት አልነበረውም! አዲሱን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌት ተቀን አጥንቶ ደረሰ። በ1890 ለንደን ገባ፤ ሠዓሊው በርን ጆንስ ያን ወርቃማ ቀይ ፀጉር በእርሳስ ነደፈው።

አሜሪካ ግን ሌላ ነገር ነው። የስታይንዌይ ፒያኖ ፋብሪካ ለ80 ኮንሰርቶች 30,000 ዶላር ዋስትና ሰጥቶ ጠራው። በኖቬምበር 17 ቀን 1891 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከተከፈተ ጥቂት ወራት ባስቆጠረው ዛሬ ካርኔጊ ሆል በሚባለው አዳራሽ ጀመረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከኦርኬስትራ ጋር፣ ስድስት ኮንቼርቶ እንዲጫወት ነበር የታሰበው። ልምምዱን የሚያደርገው ሌሊት በፒያኖ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ጉዞው ተራዝሞ ከመቶ ኮንሰርት አለፈ። የስታይንዌይ ፒያኖ ቁልፎች ለጣቱ ይከብዱ ስለነበር የፋብሪካው ሰዎች አቅልለውለት ነበር፤ ሮቸስተር ከተማ ላይ ግን መልሰው አክብደውት አገኘው። ገና መጀመሪያው ላይ የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ተጎዳ። አላቋረጠም። የእያንዳንዱን ሙዚቃ የጣት አጣጣል ቀይሮ በአራት ጣት ጨረሰው። በየከተማው ሴቶች ወደ መድረኩ ይጎርፋሉ፤ ሳሙናና ከረሜላ በስሙ ይሸጣል። በኋላ በሄደባቸው ጊዜያት የራሱ የባቡር ፉርጎ ነበረው፤ ውስጡ መኝታ፣ ማብሰያና ፒያኖ ነበረበት።

የአዳራሹን መብራት ያደበዝዛል፤ ሰዉን ያስጠብቃል፤ ከዚያ ይወጣል። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን እንዲውጥ ማድረግ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ከኒው ዮርክ እስከ ትንንሾቹ የባቡር ከተማዎች ድረስ ለሃያ ዓመት ተለማመደው። የአሜሪካን ሕዝብ እንደ ፓዴሬቭስኪ በአካል የሚያውቅ አውሮፓዊ ፖለቲከኛ በዘመኑ ነበረ ብዬ አላስብም። አሜሪካኖቹም ስለ ፖላንድ የሚያውቁት ባብዛኛው የእሱን ስም ነበር።

ወደ ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። አሁን ወደ 1910 ልለፍ።

በ1410 ፖላንዶችና ሊቱዌንያውያን በግሩንቫልድ ሜዳ የጀርመን መስቀላውያን ባላባቶችን ድል አድርገው ነበር። አምስት መቶኛው ዓመት ሲቃረብ ፓዴሬቭስኪ በራሱ ገንዘብ ትልቅ ሐውልት አሠራ። ቦታው በኦስትሪያ ሥር የነበረው ክራኮቭ ነው፤ ከሦስቱ ገዢዎች ፖላንዳውያን በአንጻራዊነት እፎይ የሚሉበት እዚያ ነበር። በጁላይ 15 ቀን 1910 ከሦስቱም ግዛቶች የመጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሐውልቱ ተገለጠ፤ ፓዴሬቭስኪም ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ሌቩፍ ከተማ ላይ በሾፓን መቶኛ የልደት በዓል እንደገና ተናገረ። ያን ጊዜ ፖላንዳውያን አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ይህ ሰው ያለ ፒያኖም ሕዝብ መያዝ ይችላል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ስዊትዘርላንድ ውስጥ፣ በሞርዥ አጠገብ ባለው ሪዮን ቦሶን በሚባለው መኖሪያው ነበር። ፖላንዳውያን በሦስት የተለያዩ ሠራዊቶች ታጥቀው እርስ በርስ ይተኳኮሳሉ፤ መሬታቸው የጦር ሜዳ ሆኖ ሕዝቡ ይራባል። በ1915 መጀመሪያ ከደራሲው ሄንሪክ ሲየንኬቪች ጋር በቬቬ ከተማ የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

እዚያ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም። አዳራሽ ይሞላል። አስቀድሞ ስለ ፖላንድ ይናገራል፤ ከዚያ ተቀምጦ ሾፓንን ይጫወታል። እንዲህ ያለውን ንግግር ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ አድርጓል። ሰው ሾፓንን እያደመጠ፣ ይህ ሙዚቃ የሌለ አገር ሙዚቃ ነው የሚለውን በጆሮው ይዞ ይወጣል። የትኛውም የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የፖላንድ ስደተኞች ነበሩ፤ በቺካጎ፣ በዲትሮይት፣ በቡፋሎ፣ በፔንሲልቬንያ የከሰል ማውጫዎች። እነዚህ ሰዎች በማኅበራቸውና በደብራቸው ተከፋፍለው ይጣሉ ነበር። ፓዴሬቭስኪ አላስታረቃቸውም ማለት ይቻላል፤ ግን ሁሉም የእኛ የሚሉት ሰው ሆነ፤ ከመካከላቸውም በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡ ብዙዎች ነበሩ። በኋላ በፈረንሳይ ምድር ለተዋጋው የጄኔራል ሃለር ሰማያዊ ጦር ከ20,000 በላይ በጎ ፈቃደኛ ከዚያ ተነሥቷል።

ሁለተኛው ሥራው በዝግ ቤት የተሠራ ነው። የፕሬዚዳንት ዊልሰን የቅርብ አማካሪ ከነበረው ከኤድዋርድ ሃውስ ጋር ተወዳጀ። ሃውስ በጃንዋሪ 1917 ስለ ፖላንድ ጉዳይ ማስታወሻ ጻፍልኝ አለው፤ ፓዴሬቭስኪ በጥድፊያ ጽፎ አስረከበ። በዚያው ወር በ22 ቀን ዊልሰን በሴኔቱ ፊት ሲናገር የተባበረችና ነፃ የሆነች ፖላንድ ልትኖር እንደሚገባ ገለጸ። በጃንዋሪ 8 ቀን 1918 ባወጣቸው ዐሥራ አራት ነጥቦች ውስጥ ዐሥራ ሦስተኛው ስለ ፖላንድ ነው፤ የባሕር መውጫ እንዲኖራትም ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ፒያኒስት ምክንያት ሆነ ብል አጋንኛለሁ። ሦስቱም ገዢዎች በአንድ ጦርነት ባይወድቁ ኖሮ ሺህ ኮንሰርትም ዋጋ አልነበረውም። ሲወድቁ ግን የፖላንድ ጥያቄ በዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያዘጋጀውም በዋናነት እሱ ነው።

በዲሴምበር 25 ቀን 1918፣ በገና ዕለት፣ ኮንዶር በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ግዳንስክ ወደብ ደረሰ። በማግስቱ በባቡር ፖዝናን ገባ። ከተማዋ ገና በጀርመን እጅ ናት፤ ባለሥልጣናቱም በዚያ እንዳያድር ጥረው ነበር። ባዛር ከሚባለው ሆቴል መስኮት ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገረ። በዲሴምበር 27 ቀን ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ የታላቋ ፖላንድ አመፅ የሚባለው እንዲህ ጀመረ፤ ከተሳኩት ጥቂት የፖላንድ አመፆች አንዱም ሆነ።

ዋርሶ ሲደርስ ያገኘው የተከፋፈለ ቤት ነው። የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ዩዜፍ ፒውሱድስኪ ሶሻሊስት የነበረ ወታደር ነው፤ ሠራዊቱ የሚሰማው እሱን ነው። ብሔርተኛው ሮማን ድሞቭስኪ ደግሞ በፓሪስ ኮሚቴ ይመራል፤ አሸናፊዎቹ መንግሥታት የሚያውቁት እሱን ነው። ሁለቱ አይዋደዱም። ምዕራባውያን የዋርሶውን የሶሻሊስቶች መንግሥት አናውቅም አሉ። በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚችል፣ ፓርቲ የሌለው፣ ዓለም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 16 ቀን 1919 ፓዴሬቭስኪ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሜሪካ መንግሥቱን አወቀች። የሰውየው ስም እንደ ማኅተም አገለገለ።

ከዚያ አገር ማስተዳደር መጣ። የሦስት ግዛት ሕግ፣ ብዙ ዓይነት ገንዘብ፣ እርስ በርስ የማይገጥሙ የባቡር ሐዲዶች፣ ታይፈስ፣ ረሃብ። በምሥራቅ ከዩክሬናውያንና ከቦልሼቪኮች፣ በደቡብ ከቼኮች ጋር የድንበር ግጭት ነበር። ለረሃቡ የኸርበርት ሁቨር የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት ከሚሊዮን በላይ ሕፃናትን መገበ፤ እዚህ ላይ የፓዴሬቭስኪ የአሜሪካ ወዳጅነት በቀጥታ እህል ሆኖ መጣ። በእሱ መንግሥት ዘመን ትምህርት ለሕፃናት ግዴታ የሚሆንበት ድንጋጌ ወጥቷል፤ ምክር ቤቱም የመሬት ሥሪት ለውጥ መርሖችን አጽድቋል።

በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም። የእንግሊዙ ሎይድ ጆርጅ የፖላንድ ድንበር ብዙ ጀርመኖችን እንዳይጠቀልል ተከራከረ። ግዳንስክ ነፃ ከተማ ሆነች፤ የላይኛው ሲሌዢያ ዕጣ በሕዝበ ውሳኔ እንዲለይ ተወሰነ። ፖላንድ ለአናሳ ብሔረሰቦች መብት ዋስትና የሚሰጥ ውል እንድትፈርምም ተገደደች። በጁን 28 ቀን 1919 ፓዴሬቭስኪና ድሞቭስኪ የቬርሳይን ውል ፈረሙ። ከ123 ዓመት በኋላ በዓለም አቀፍ ውል ላይ የተጻፈ የፖላንድ ስም ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ግን ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። ምክር ቤቱ በጁላይ መጨረሻ ውሉን አጸደቀ፤ ጥያቄው ቀጠለ፦ ግዳንስክን ለምን ሰጠህ? የአናሳዎቹን ውል ለምን ተቀበልክ?

እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በኮንሰርት አዳራሽ ሕዝቡ ለአንድ ሌሊት ይመጣል፣ ይማረካል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፓርላማ በማግስቱም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ፓዴሬቭስኪ ሌሊት የሚሠራ፣ ቀጠሮ የሚያሳልፍ፣ ወረቀት የሚያከማች ሰው ነበር፤ ሁለተኛ ሚስቱ ሄሌናም ማን ይግባ ማን ይቅር በሚለው ውስጥ እጇን ታስገባለች ተብላ ትታማ ነበር። አርቲስት ሲያረፍድ ያምርበታል፤ ሚኒስትር ሲያረፍድ ሥራ ይቆማል። የራሱ ፓርቲ የለውም፤ መጀመሪያ ላይ ጥንካሬው የነበረው ይህ ነገር በመጨረሻ የሚደግፈው አሳጣው። በዲሴምበር 1919፣ ዓመት ሳይሞላው፣ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ለጥቂት ጊዜ አገሩን በመንግሥታቱ ማኅበር ወከለ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ እርሻው ሄደ። ሀብቱ በጦርነቱ ዓመታት በፖላንድ ጉዳይ ላይ አልቋል። ፒያኖ ከነካ ዓመታት አልፈዋል። በ62 ዓመቱ፣ በኖቬምበር 1922፣ እንደገና ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ወጣና በአዲስ ጉዞ አዲስ ሀብት ሠራ። ለዊልሰን መታሰቢያ ፖዝናን ላይ ሐውልት አቆመ። በ1936 በሞርዥ ቤቱ ዙሪያ ከጄኔራል ሲኮርስኪና ከገበሬዎቹ መሪ ከቪቶስ ጋር የዋርሶውን አምባገነን አገዛዝ የሚቃወም ኅብረት መሠረተ።

በ1939 ጀርመኖች ፖላንድን ሲወሩ የግሩንቫልዱንም የዊልሰኑንም ሐውልት አፈረሱ። ፓዴሬቭስኪ የ79 ዓመት አዛውንት ነው፤ የስደቱ መንግሥት ብሔራዊ ምክር ቤት ሰብሳቢ አደረጉት። ፈረንሳይ ስትወድቅ በስፔንና በፖርቱጋል አልፎ እንደገና አሜሪካ ገባ፤ እንደገና ለፖላንድ ሊናገር። በጁን 29 ቀን 1941 ኒው ዮርክ ውስጥ በሳምባ ምች ሞተ። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፈቃድ አስከሬኑ በአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብር በአደራ ተቀመጠ፤ ፖላንድ ነፃ ስትወጣ ሊመለስ። አደራው 51 ዓመት ፈጀ። በ1992 ፕሬዚዳንት ቡሽና ፕሬዚዳንት ቫዌንሳ በተገኙበት በዋርሶ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ተቀበረ። ልቡ ግን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ የፖላንዶች ቤተ ክርስቲያን ቀርቷል። የሾፓን ነገር የተገላቢጦሽ ነው፦ አካሉ ፓሪስ፣ ልቡ ዋርሶ።

ሙዚቃውስ? የሕዝብ ጆሮ የያዘው አንዲት አጭር ሜኑዌት ናት፤ በወጣትነቱ በሞዛርት ዘመን ስልት የጻፋት። የትም ቢሄድ እሷን ተጫወት ይሉት ነበር። ኦፔራው «ማንሩ» በ1901 ድሬስደን ላይ፣ በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ታይቷል። «ፖሎኒያ» የምትባለው ሲምፎኒ በ1909 ቦስተን ላይ ቀረበች፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትወስድ፣ የተጨቆነ አገርን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመናገር የምትሞክር ከባድ ሥራ ናት፤ ለእኔ ትረዝምብኛለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ ትልቅ ነገር አልጻፈም ማለት ይቻላል፤ ፖለቲካው ያስከፈለው ትልቁ ዋጋ ይህ ይመስለኛል።

ከ1911 ጀምሮ በሸክላ የተቀዱ ጨዋታዎቹ አሉ። የዛሬ ተማሪ ሲሰማቸው ይደነግጣል፤ ግራ እጁ ቀኙን ይቀድማል፣ ጊዜውን እንደ ልቡ ይስበዋል። የዘመኑ አጨዋወት እንዲያ ነበር። ያም ሆኖ ቅጂዎቹ የተሠሩት ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ስለሆነ የ1891ዱን ሰው አናገኝባቸውም። ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ሜኑዌቷን ተዉና የኤ ማይነር የፒያኖ ኮንቼርቶውን ፈልጉ፤ በ1889 ቪየና ላይ የሌሼቲትስኪ ሚስት አኔት ኤሲፖቫ ናት መጀመሪያ የተጫወተችው። መካከለኛውን ዝግ ያለ ክፍል ስሙት። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ስለ ድንበርና ስለ ውል የማያስብ አቀናባሪ የጻፈው ነው፤ ከጻፈው ሁሉ እኔ የማስበልጠውም እሱን ነው።